ከዳር የቆሙት አያታችን ፎቶው ላይ ለምን ደበዘዙ?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ካሜራ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛን ስለ ካሜራ ምን አገባው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን እዚህ ናታንያ ከቤተሰቦች ጋር በምሠራበት ጊዜ ፎቶግራፍ ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቶ አያውቅም። በተለይ ልጆች በትምህርት ቤት «አቮዳት ሾራሺም» የሚባለውን፣ ይኸውም የቤተሰባቸውን ሥረ መሠረት የሚያጠኑበትን ሥራ ሲጀምሩ፣ የአያት ፎቶ ፍለጋው ይጧጧፋል። ፎቶው ይገኛል። በሠርግ አዳራሽ ወይም በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም ላይ የተነሣ ነው፤ ሃያ ሠላሳ ሰው ተደርድሯል፤ አያት ከዳር ቆመዋል። ልጁ ፊታቸውን ለይቶ ሊያጎላው ሲሞክር ግን ወይ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ወይ ደብዝዟል። ከጀርባቸው ያለው መጋረጃ ደግሞ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል።

ለእኛ ቤተሰቦች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1984 በሱዳን በረሃ በእግሩ የተጓዘ ሰው አልበም አልተሸከመም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሕዝብ ሲጓጓዝም ሻንጣ የያዘ ጥቂት ነበር። በመሆኑም የብዙ አያቶች መልክ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው እዚህ አገር በተነሡት ፎቶዎች ብቻ ነው። ከ2020 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችንን በአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልንባቸው ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ያ ቀን ተመልሶ አይነሣም።

ፎቶውን ያነሣው ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «እኔ ፎከሱን ፊታቸው ላይ ነበር ያደረግሁት፤ ካሜራው ሥዕሉን አቃናለሁ ብሎ አንሸራተተው።» ክሱ ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ግን አይደለም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ካሜራው ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌንስ ለምን ያጣምማል?

ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለውን መሥመር ወደ ውጭ ያጎብጠዋል። ሥዕሉ እንደ በርሜል ሆዱ የተነፋ ይመስላል፤ ባለሙያዎቹም «የበርሜል መዛባት» ይሉታል። ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ደግሞ በተቃራኒው መሥመሩን ወደ ውስጥ ያሰረጉደዋል። ሁለቱም የሚታዩት ከመሃል ሳይሆን ከዳር ነው።

ይህን ለመፈተን የናታንያ ሰው የታደለ ነው። ከኪካር ሃዐጽማኡት ወርዳችሁ ገደሉ ላይ ባለው መናፈሻ ቁሙና ባሕሩና ሰማዩ የሚገናኙበትን መሥመር ተመልከቱ። መሥመሩ በስክሪኑ መሃል እንዲያልፍ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሡ፤ ቀጥሎ ካሜራውን ወደታች ዘንበል አድርጋችሁ መሥመሩ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ሲሆን ሌላ አንሡ። የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው፣ የሌንስ ማቃኛው በተዘጋ ካሜራ ከሆነ፣ መሃሉ ወደ ላይ ቆልመም ብሎ ይታያል። በስልካችሁ አንሥታችሁ ሁለቱም ቀጥ ብለው ከወጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሕሩን ያቃናው መስተዋቱ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው።

ይህ ማቃኛ በኒኮን ካሜራ ሜኑ ውስጥ «አውቶ ዲስቶርሽን ኮንትሮል»፣ በካኖን «ዲስቶርሽን ኮሬክሽን»፣ በአይፎን የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ «ሌንስ ኮሬክሽን» ይባላል። ዛሬ ብዙ ሌንሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ በእሱ ላይ ተመርኩዘው የተሠሩ ናቸው። ካኖን በ2021 ያወጣው አርኤፍ 16 ሚሊሜትር ሌንስ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ትንሽና ርካሽ ሊሆን የቻለው መስተዋቱ ያላቃናውን ካሜራው ስለሚያቃናለት ነው። ይህን እንደ ማታለል የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልቆጥረውም፤ በውድ ዋጋ ይገዛ የነበረውን ነገር ቤተሰብ በአቅሙ እንዲገዛው አድርጓል።

ቁርበቱና ካስማው

አገር ቤት ቁርበት ሲወጠር ያየ ሰው የሚቀጥለውን ወዲያው ይረዳዋል። ቁርበቱ ሳይወጠር በፊት መሃሉ ላይ አንድ ነጥብ፣ ከዳሩ አጠገብ ሌላ ነጥብ በከሰል ብናደርግበት፣ ተወጥሮ ካለቀ በኋላ የመሃሉ ነጥብ እምብዛም አይነቃነቅም። የዳሩ ግን ወደ ካስማው ርቆ ሄዷል። ካሜራው በርሜል የመሰለውን ሥዕል ሲያቃና የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከዳር የቆሙት የአያት ፊት በዳሩ ላይ ያለው ነጥብ ነው። ፎከስ የተደረገበትን ቦታ የምታሳየው ትንሿ ሳጥን ግን በቁርበቱ ላይ አልተሣለችም፤ ከካስማው ተለክታ የተቀመጠች ናት። ስለዚህ ካሜራው አብሮ አስልቶ ካላንቀሳቀሳት በስተቀር፣ ቁርበቱ ሲሄድ እሷ ባለችበት ትቀራለች።

ምን ያህል እንደሚንሸራተት በቁጥር እንየው። 24 ሚሊዮን ፒክሰል ያለው ካሜራ ብዙ ጊዜ 6000 በ4000 ፒክሰል የሆነ ሥዕል ይሰጣል። ከመሃሉ እስከ አንዱ ማዕዘን ያለው ርቀት ወደ 3600 ፒክሰል ነው። ሌንሱ ማዕዘኑ ላይ 5 በመቶ የሚያዛባ ቢሆን፣ ሲቃና ማዕዘኑ ላይ ያለው ነገር 180 ፒክሰል ያህል ይንቀሳቀሳል። በግማሽ መንገድ ላይ ያለው ግን 90 አይደለም፤ 22 ወይም 23 ብቻ ነው። መዛባቱ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር በእጥፍ ድርብ ስለሚያድግ ነው።

አሁን አሥር ሰዎች በአንድ ረድፍ ቆመዋል እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው 600 ፒክሰል ስፋት ይደርሰዋል፤ ትከሻውን ቀንሰን ፊቱ 200 ያህል ይሆናል። በረድፉ ጫፍ ያለው ሰው ፊት እስከ 100 ፒክሰል ድረስ ሊንቀሳቀስ ይችላል ማለት ነው። ግማሽ ፊት! ሳጥኗ ዓይናቸው ላይ የነበረች አያት፣ ፎቶው ተመልሶ ሲታይ ሳጥኗ ከጆሯቸው ውጭ፣ ወደ መሃል በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ቆማ ብትገኝ አያስገርምም።

ሳጥኗ ሳተች ማለት ፎከሱ ሳተ ማለት ነውን?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥራት የሚወሰነው ብርሃኑ ሴንሰሩን በሚመታባት ቅጽበት ነው። ማቃናቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ ወደ ዳር ሲገፋ ጥራቱን ይዞ ነው የሚገፋው፤ ጥርት ብሎ የተነሣ ዓይን በመቃናቱ ምክንያት የመጋረጃው ተራ አይሆንም። መለጠጡ ከዳር ጥቂት ጥራት ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ፊትን ለይቶ አደብዝዞ መጋረጃን ጥርት ማድረግ ከቶ አይችልም።

ነገሩ እንደ ካሜራው ዓይነት ይለያያል። መስተዋት ባለው፣ በቀዳዳው በዓይን በሚታይበት ካሜራ፣ ዓይናችሁ የሚያየውም ሆነ ፎከስ የሚለካው ክፍል የሚያየው ያልተቃናውን ሥዕል ነው። ሁለቱ ስለሚስማሙ ፎከሱ በመረጣችሁት ቦታ ላይ ያርፋል። የሚለወጠው የሚቀመጠው ፎቶ ነው። ኒኮን ለዲ7000 ካሜራው ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ማቃኛው ሲከፈት በቀዳዳው ከታየው ጠርዝ ላይ ጥቂቱ በፎቶው ሊቆረጥ እንደሚችል ጽፏል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ካሜራ ያለው ሰው መፍራት ያለበት የፎከሱን መንሸራተት ሳይሆን የዳሩን መቆረጥ ነው። የጫፉ ሰው ትከሻ ከጠርዙ ጋር እንዳይገጥም በግራም በቀኝም የአንድ ሰው ያህል ቦታ መተው ይበቃል።

መስተዋት የሌለው ካሜራ ሌላ ነው። በ2008 ፓናሶኒክ ሉሚክስ ጂ1ን ካወጣ ወዲህ እየተስፋፋ በመጣው በዚህ ዓይነት ካሜራ፣ በስክሪኑ ላይ የምናየው ገና ከማንሣታችን በፊት የተቃናውን ሥዕል ነው። ፎከስ የሚለካው ግን ሴንሰሩ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ሥዕል አሁንም እንደ በርሜል የተነፋ ነው። እናንተ በተቃናው ላይ «እዚህ» ስትሉት ካሜራው ያን ቦታ ወደ ኋላ አስልቶ ባልተቃናው ላይ መፈለግ አለበት። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ሌንሱ የራሱን መዛባት ለካሜራው ይነግረዋል። በመሃል ላይ ልዩነት ስለሌለ ስሕተትም የለም። ከዳር ግን ስሌቱ በጥቂት ፒክሰል ቢስት፣ ሰፊ ሳጥን ብትሆን ስሕተቱን ትሸፍነዋለች፤ ከሁሉ ትንሿን ሳጥን መርጣችሁ በጠርዝ ላይ ካስቀመጣችኋት ግን የሚሸፍነው የለም። በተለይ ካሜራው የማያውቀው የሌላ ድርጅት ሌንስ ወይም አሮጌ ሌንስ በአስማሚ ከተገጠመ፣ መረጃው ስለማይደርሰው አያቃናውም። ያን ጊዜ የሚታየውም የሚለካውም ያልተቃናው ስለሆነ፣ መሥመሩ ይጎብጣል እንጂ ሳጥኗ አትስትም።

ታዲያ መጋረጃው ለምን ጠራ?

ካየኋቸው ፎቶዎች በአብዛኛው ጥፋቱ የማቃኛው አይደለም። አንደኛው ምክንያት ሳጥኗ ፊትንና ግድግዳን በአንድነት መያዟ ነው። ካሜራ ፊትን አያውቅም፤ የሚፈልገው ብርሃንና ጨለማ በጉልህ የሚለያዩበትን መሥመር ነው። አዲሶቹ ፊትን ለይተው እንዲያውቁ ቢሠሩም ከጀርባ ኃይለኛ መብራት ካለ፣ የእኛ የጠቆረ ፊት ጥላ ውስጥ ይገባና መሥመሩ ይጠፋበታል። ያብረቀረቀው መጋረጃ ያሸንፋል። ለዚህ አንድ የማውቀው ዘዴ አለ፦ አያት ነጠላ ለብሰው ከሆነ ሳጥኗን በአንገታቸው ዙሪያ ባለው ጥለት ላይ አድርጉ። ጥለቱ ቀለሙ ከነጩ ሸማ ጋር በግልጽ ስለሚለያይ ካሜራው ወዲያው ይይዘዋል፤ ከፊታቸውም ጋር በአንድ ርቀት ላይ ነው።

ሁለተኛው ከአሮጌ ልማድ የመጣ ነው። በመሃለኛዋ ሳጥን ፎከስ ይደረግና ካሜራው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ፎቶው ይነሣል። ረድፉ ከእናንተ 3 ሜትር ይርቃል፤ አያት ደግሞ ከረድፉ መሃል 2 ሜትር ወደ ጎን ቆመዋል እንበል። ወደ እሳቸው ዞራችሁ ብትለኩ ርቀታቸው 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው። ካሜራው ያን ይይዛል። ተመልሳችሁ ወደ መሃል ስትዞሩ፣ ጥርት የሚለው ቦታ ከረድፉ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ልክ መጋረጃው ላይ ይሆናል። ፎቶው በትንሹ ሲታይ ላይታወቅ ይችላል፤ አቮዳት ሾራሺም የሚሠራው ልጅ ፊቱን ለይቶ ሲያጎላው ግን ይወጣል። ሌንሱ በሰፊው በተከፈተ መጠንም ይብሳል። ስለዚህ ካሜራውን ከማዞር ይልቅ ሳጥኗን ራሷን ወደ ዳር መውሰድ ይሻላል።

ሦስተኛው የስልክ ጉዳይ ነው። በስልክ ላይ «0.5» የተባለውን ሰፊ ሌንስ ሲጠቀሙ ብዙ ስልኮች ፎከስ አያደርጉም፤ ርቀቱ ከፋብሪካ ተቆልፎ የመጣ ነው። በአይፎን 11 እና 12 እንዲህ ነበር። በ2021 በወጣው አይፎን 13 ፕሮ ላይ ነው ሰፊው ሌንስ ፎከስ ማድረግ የጀመረው፤ ተራው አይፎን ይህን ያገኘው በ2024፣ በአይፎን 16 ነው። ፎከስ በሌለው ስልክ ፊታቸውን በጣት ብትነኩ ሳጥኗ ትወጣለች፤ የምታስተካክለው ግን ብርሃኑን ብቻ ነው። አዳራሹም ጨለም ካለ ቀረጻው ስለሚዘገይ፣ እስክስታ የሚመታው ሰው ብቻ ሳይሆን ራሱን የነቀነቀው ሽማግሌም ይደበዝዛል።

የተለጠጠው ፊት

ይህ ከፎከስ የተለየ ነው፤ ከማቃናት ጋር ግን በቀጥታ ይገናኛል። ሰፊ ሥዕል ላይ መሥመሮች ሁሉ ቀጥ ይበሉ ከተባለ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ከዳር ያሉ ክብ ነገሮች ናቸው። የሰው ራስ ደግሞ ክብ ነው። በስልክ ዋናው ሌንስ፣ ይኸውም 26 ሚሊሜትር ገደማ በሚባለው፣ በጠርዝ ላይ ያለ ራስ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ወደ 20 በመቶ ይጨምራል። በ0.5 ሌንስ፣ 13 ሚሊሜትር ገደማ በሆነው፣ ጭማሪው 70 በመቶ ይደርሳል። በ50 ሚሊሜትር ግን 6 በመቶ ብቻ ስለሆነ ማንም አይለየውም። ሌንሱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህ አይቀርም፤ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። በ2019 የጎግል ተመራማሪዎች ከጀርባ ያለውን ቀጥ ያለ መሥመር ሳይነኩ የዳሩን ፊት ብቻ መልሶ የሚያከብ ዘዴ በጽሑፍ አውጥተዋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ በሁሉም ስልክ ላይ ግን አይገኝም።

በስግድ ቀን ቄሶቻችን ጥላቸውን ዘርግተው ኦሪቱን ይዘው ሲሰለፉ፣ ሰው ሁሉ ሰልፉን በሙሉ ላስገባ ብሎ 0.5ን ይጫናል። መሃል ያሉት ቄስ እንደራሳቸው ይወጣሉ፤ ከዳር ያሉት ሌላ ሰው ይመስላሉ። ወደ ኋላ መሄጃ ቦታ እያለ ይህን ማድረግ ለእኔ አይገባኝም። አምስትና ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ በ1 ወይም በ2 አንሡ። ቦታ ከሌለ ሰዎቹን በሁለት ረድፍ አድርጓቸው፤ ታላላቆቹን ከፊት መሃል አስቀምጡ። ባህላችንም ይኸው ነው፤ የከበሩት መሃል ይቀመጣሉ፣ ጎረምሶቹ ከዳር ይቆማሉ። ጎረምሳ ፊቱ ቢሰፋ ነገ ሌላ ፎቶ ይነሣል።

ካሜራችሁን ለማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ቀን ከሠርግ በፊት ሞክሩት። አንድ ሰው በሕንጻ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ወጣ ብሎ፣ በሥዕሉ ጠርዝ ይቁም። ሳጥኗን ዓይኑ ላይ አድርጉ። ማቃኛውን ከፍታችሁ አንድ፣ ዘግታችሁ አንድ አንሡ፤ ከዚያ ሽፋሽፍቱን አጉልታችሁ አወዳድሩ። በሁለቱም ከጠራ፣ ሳጥኗ የትም ትታይ የት ካሜራችሁ ደኅና ነው። በሁለቱም ከደበዘዘ ሌንሱ ከዳር ደካማ ነው፤ ማቃኛውን ብትዘጉም አይረዳችሁም። ማቃኛው ሲከፈት ብቻ ግድግዳው ከጠራና ፊቱ ከደበዘዘ፣ ደጋግማችሁም ያው ከሆነ፣ ያ ካሜራ በእርግጥ ከዳር ይስታል፤ ሰፊ ሳጥን ምረጡ ወይም ሰውየውን ወደ መሃል አምጡት። በሠርጉ ቀን ደግሞ ሰው ሳይበተን በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ፊቶች አጉልታችሁ ተመልከቱ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከአገር ቤት የመጣች አንዲት አሮጌ ፎቶ ያላችሁ፣ ለልጆች በስልክ የምትገለብጧት ከሆነ ደግሞ ተጠግታችሁ በ0.5 አታንሡ፤ የወረቀቷ ጠርዝ ይጎብጣል፣ ከዳር ያሉት ፊቶችም ይዛባሉ። በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧትና ከፍ ብላችሁ በ2 አንሡ። የወረቀቷ አራት ጠርዞች ከስክሪኑ ጠርዞች ጋር እኩል ከሄዱ ስልኩ ቀጥ ብሎ ተይዟል ማለት ነው።